ለጨዋታው ባለቤቶች መርዶ

ለማሂራ መርዶ የነገራት ሰው የለም። ማን ይንገራት? መርዶ ለዘመድ ይነገራል፣ ለጎረቤት ይነገራል፣ አብሮ አደግ ጓደኛ ካለም ለእሱ ይነገራል። እሷ ለጣሪቅ በሰው ዓይን ከነዚህ አንዳቸውም አልነበረችም። ለጅማ ቅርብ በሆነችው ሰርቦ፣ የአባቷ የሐጂ ቲጃኒ የቡና መጋዘን በር ላይ ቆማ ጆንያ ሲጫን ስታይ፣ ከጅማ የመጣ ሹፌር ለዘበኛው ሲያወራ ነው የሰማችው። ያ ጊንጆ ሰፈር ጌም ቤት ያለው፣ ቴሌቪዥንም የሚጠግነው ልጅ፣ ሞተር ሳይክሉ ጭቃ ላይ ተንሸራቶበት ሞተ፤ ትናንት ተቀበረ አለ። ዘበኛው «ኢና ሊላሂ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

አባቷ ከውስጥ ሲጠሯት ሄደች፣ ሲጠይቋት መለሰች፣ ምሳ ሲቀርብ በላች። የሚወደው የሞተበት ሰው ይጮኻል፣ ጎረቤት ይሰበሰብለታል፣ አይዞህ ባይ አያጣም። እሷ ግን ብታለቅስ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለማን ነው?» የሚል ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ደግሞ በዚያ ቤት ውስጥ መልስ የላትም። እንባዋን ዋጠችው። ያን ቀን ከሐዘኑ ይልቅ የከበዳት ሐዘንተኛ መሆን አለመቻሏ ነበር።

ነገሩን ለማታውቁት ከመነሻው ልንገራችሁ። ማሂራ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስትማር ላፕቶፗ ተበላሽቶባት ጊንጆ ወዳለችው ትንሽ ሱቅ ይዛው ሄደች። ጣሪቅ ከፍቶ አየውና ነገ ነይ አላት። በነጋታው ስትመጣም ነገ ነይ አላት። ላፕቶፑ ገና በመጀመሪያው ቀን ተሠርቶ እንዳለቀ የነገራት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ዓይን ለዓይን ሲጋጩ እሱ ቶሎ ብሎ ወደ ብሎን መፍቻው ያቀረቅራል፣ እሷ ሳቋን አፍና ትወጣለች። እንዲህ ያለ ዓይን አፋር ልጅ ሽማግሌ ለመላክ እንዴት ደፈረ ብትሉኝ፣ እኔንም የሚገርመኝ እሱ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሰርቦ ሄዱ። ሐጂ ቲጃኒ በክብር ተቀበሏቸው፣ አበሏቸው፣ ከዚያ በኋላ ልጁ ምን እንደሚሠራ ጠየቁ። አባቱ በርጩማ ጠራቢ እንደነበር ቢነገራቸው እንኳ ያን ያህል ባልከፋ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የዋህ ሰው ሆነና «ጌም ያጫውታል» ብሎ እቅጩን ተናገረ። ሐጂም ልጄን ለመጫወቻ ቤት አልሰጥም ብለው ሸኟቸው። ማሂራ ትምህርቷን እንደጨረሰች ሰርቦ ገብታ መጋዘን መጠበቅ ሆነ ሥራዋ። ስልኳን ታላቅ ወንድሟ እየከፈተ ያያል፤ ብቻዋን ከቤት መውጣትም በሰበብ ካልሆነ አይታሰብም።

አንድ መንገድ ብቻ ቀርቷቸው ነበር፤ ማንም ያልጠረጠረው። ጣሪቅ ላፕቶፗ ላይ የጫነላት የእርሻ ጨዋታ አለ። በኢንተርኔት ሁለት ሰዎች አንድ ሸለቆ ውስጥ ያርሳሉ፣ ላም ያልባሉ፣ ቤት ይሠራሉ። ሸለቆው በጣሪቅ ስም የተከፈተ ነው፤ እሱ ከፍቶ ካላስገባት እሷ አትገባም። የሚያወሩት ጓሮው ውስጥ የእንጨት ሰሌዳ እየተከሉ፣ እሱ ላይ እየጻፉ ነው። ሐጂ አንድ ቀን ከኋላዋ ቆመው ቢያዩ ላም ስታልብ አገኟት፤ ይቺ ልጅ ከብት መውደዷ ደግ ነው ብለው ደስ ብሏቸው ሄዱ። በዚያ ሁሉ ሸለቆ አንድ የቡና ዛፍ እንኳ አለመኖሩ ሁለቱንም ያበሳጫቸው ነበር። ጣሪቅማ ይህን ጨዋታ የሠራው ሰው አንድ ቀን ጅማ መጥቶ ይቅርታ መጠየቅ አለበት ይል ነበር።

በዚያ ሸለቆ ውስጥ ጣሪቅ ቤት ሠራ። አንዱን ክፍል ግን ዘግቶ በሩ ላይ ሰሌዳ ሰቀለበት። «ይሄ ያንቺ ነው። ሳልጨርሰው እንዳትገቢ» ይላል። ማሂራ ስንት ጊዜ ለመነችው፣ ስንት ጊዜ አኮረፈችው፤ ፍንጭ እንኳ አልሰጣትም። በመጨረሻ አንድ አርብ ከሰዓት «ጨረስኩት። እሁድ አብረን እንገባለን» ብሎ ጻፈላት። ቅዳሜ ሞተ።

ፎቶው የላትም፤ ወንድሟ እንዳያገኘው ፈርታ ከስልኳ አጥፍታዋለች። ቀለበት የላትም። መቃብሩ ጋ ሄዶ መቆም የማይታሰብ ነው። ጣሪቅ ለእሷ ብሎ በእጁ ሠርቶ የተወላት ነገር በዚህ ዓለም ላይ ያ ክፍል ብቻ ነው። እሱን ማየት ፈለገች፤ ሌላ ምንም አልፈለገችም።

* * *

ጥርሴን ልታከም ብላ አባቷን አስፈቅዳ ጅማ መጣች። ጊንጆ ከባጃጅ ስትወርድ የሱቁ በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ ልቧ እንደ ድሮው ዘለለ። ከውስጥ የወጣው ግን የጣሪቅ ታናሽ ወንድም ኢስሃቅ ነው። እሱ ያውቃታል። ለምን መጣሽ አላላትም፤ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ቤት ይዟት ገባ።

እናቱ ወይዘሮ ዙቤይዳ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ለቅሶ ደራሹ ቀዝቅዞ ቤቱ ጭር ብሏል። ማሂራ ስሟን ስትናገር ፊታቸው ተለወጠ። ሽማግሌዎቹ ያን ጊዜ ከሰርቦ ሲመለሱ የሐጂን ቃል እንዳለ ለእናት መንገር ከብዷቸው፣ ልጅቷ ናት ያልፈቀደችው ብለው አለሳልሰው ነበር የነገሯቸው።

«አልፈልግም አልሽ አሉኝ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፤ ድካም ነው ያለው። «ልጄ ምን ጎደለው?»

«እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም እማማ። ቢጠይቁኝ በእግሬም ቢሆን እመጣ ነበር።»

ወዲያው አላመኗትም። ልጃቸው ሲከስል ያዩ እናት ናቸው፤ የዓመት ቂም በአንድ ቃል አይወጣም። ማሂራ ስለ ሸለቆው ነገረቻቸው፤ አልገባቸውም። ኢስሃቅ ሱቁ ውስጥ ያለውን ትልቁን ቴሌቪዥን ከፍቶ፣ የወንድሙን የጨዋታ ማሽን አብርቶ፣ እጃቸውን ይዞ አመጣቸው። ሸለቆው ጣሪቅ እንደተወው አለ። ላሞቹ ሳር ይግጣሉ፣ ቤቱ ቆሟል።

ዙቤይዳ ልጃቸውን ዕድሜውን ሙሉ ተው ይሄን ጨዋታ ሲሉት ነው የኖሩት። አሁን ኢስሃቅ የጓሮውን ሰሌዳዎች አንድ በአንድ ሲያነብላቸው አፋቸውን በሻሻቸው ይዘው አዳመጡ። «ሰርቦ ዛሬ ዘነበ?» ይላል አንዱ። «እማ ዛሬም ተቆጣችኝ። የት እንደምሄድ ብታውቅ ምርቃት ጨምራ ትሸኘኝ ነበር» ይላል ሌላው። ዙቤይዳ ማሂራን ስበው አጠገባቸው አስቀመጧት። «ኢንተላ ኮ» አሏት በኦሮምኛ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ሹፌሩን ከሰማችበት ሰዓት ጀምሮ የያዘችው እንባ ያኔ ወረደ። ለጣሪቅ ስታለቅስ ሰው አብሯት ሲያለቅስ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ደስ ይላል ብል ትቀየሙኛላችሁ፣ ግን ደስ አላት።

እንባው ሲበርድ ኢስሃቅ ጆይስቲኩን ሰጣት። ወደ ተዘጋው ክፍል ሄደች፤ ሰሌዳው በሩ ላይ እንዳለ ነው። አንድ ቁልፍ ብትጫን ይከፈታል። አውራ ጣቷን አስጠግታለች።

«ቆይ» አሉ ዙቤይዳ። «ቤቱ የማን ነው?»

ኢስሃቅ ሊያስረዳቸው ሞከረ። ቤቱ ያለው እዚህ ማሽን ውስጥ አይደለም፤ ጨዋታውን የሚያንቀሳቅሰው የውጭ አገር ኩባንያ ጋ ነው የተቀመጠው። ጣሪቅ ባለፉት ዓመታት የገዛቸው ሌሎቹ ጨዋታዎችም፣ ይህ ጌም ቤት ቆሞ የሚሄድባቸው ሁሉ፣ እዚያው በስሙ ነው ያሉት።

«ታዲያ ባለቤቶቹ መሞቱን ሰምተዋል?»

«ከየት ይሰማሉ እማ? ለነሱ እኮ ስም ብቻ ነው።»

«ስሙን ካወቁ ደንበኛቸው ነበር ማለት ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት አብሯቸው ሲገበያይ የኖረ ሰው ሲሞት አይነገራቸውም?»

ኢስሃቅ ማሎ እማ ብሎ ለመናቸው። ማሽኑ ክፍት ነው፣ ፓስወርድም አይጠይቅም፣ ዝም ብንል ማንም አያውቅም አላቸው። እንዲህ ባይል ይሻለው ነበር። «ማንም አያውቅም» ለዙቤይዳ የሌባ ቃል ነው። ሟች የተወው ነገር ለወራሽ እስኪለይ አማና፣ አደራ ነው፤ አማና ደግሞ አይነካም። ያላስፈቀዱት ቤት መግባትማ ጭራሽ አያውቁም፤ የቅርብ ጎረቤታቸው ግቢ እንኳ ሰላምታቸውን የሚመልስ ካልተገኘ በሩ ላይ ቆመው የሚመለሱ ሴት ናቸው። ሞቱን ደብቆ በሟች ስም ሰው ቤት መግባት ለሳቸው ልጃቸውን መቃብሩ ውስጥ ማዋረድ ነበር።

«መጀመሪያ መርዶውን እንንገራቸው» አሉ። «ከዚያ እናስፈቅዳለን። ሐዘንተኛን ማን ይከለክላል? ምራቴ፣ አንቺ ጻፊላቸው። ቋንቋቸውን ታውቂያለሽ።»

ማሂራ አውራ ጣቷን ከቁልፉ አነሳች።

«ማን ነኝ ብዬ ልጻፍ እማማ?»

«እጮኛው ብለሽ ነዋ። ሌላ ምኑ ነሽ?»

እኔን ብትጠይቁኝ ተጫኚው እላት ነበር። ግቢና እዪ፣ ይቅርታውን በኋላ እንጠይቃለን እላት ነበር። እሷም ብትሆን ሞኝ አይደለችም፤ ኩባንያ መርዶ ሲነገረው ነጠላ አዘቅዝቆ እንደማይመጣ ታውቃለች። ነገር ግን እጮኛው ብሎ የጠራት ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ምራቴ ብሎ ያዘዛትም አልነበረም። ያገኘችው ገና አሁን ነው፤ የአማቷን የመጀመሪያ ትእዛዝ እንዴት እምቢ ትበል? ጆይስቲኩን ቀስ ብላ አስቀመጠችና የኢስሃቅን ስልክ ተቀበለች።

ዙቤይዳ እየተናገሩ እሷ ጻፈች። ልጄ ጣሪቅ አላህ ወደ ራሱ ወስዶታል፤ እናንተም ስለምታውቁት ሰምታችሁ እንድታዝኑ ነገርናችሁ። ያስቀየማችሁ ነገር ካለ አውፍ በሉት። የገዛቸውን ጨዋታዎች ወንድሙ ኢስሃቅ እንዲጠቀምባቸው፣ ቤቱን ደግሞ እጮኛው ማሂራ ገብታ እንድታየው ፈቃዳችሁን እንጠይቃለን። ማሂራ «እጮኛው» የምትለዋን ቃል በእንግሊዝኛ ጽፋ ደግማ አነበበቻት። ሰርቦ ተመልሳ መጋዘኑ በር ላይ ቆማ ደብዳቤውን በልቧ ትደጋግመው ነበር፤ ሁልጊዜም የምትቆመው እዚያች ቃል ላይ ነው። አባቷ አጋሮ ካለ የቡና ነጋዴ ቤት ሽማግሌ እንደሚመጣ ሲነግሯት እንኳ አልደነገጠችም። የሆነ ቦታ፣ የማታውቃቸው ሰዎች ጋ፣ የጣሪቅ ተብላ ተጽፋለች፤ ይህን ማንም የሚወስድባት አልመሰላትም።

* * *

ጥርሷ እንደገና ታመመ። ጊንጆ ስትደርስ ኢስሃቅ ከሱቁ ፊት ለፊት መንገድ ዳር ቆሞ ሲጠብቃት አገኘችው። ስልኩን አቀበላት።

ደብዳቤው ጨዋ ነው። እንደዚያ ጨዋ ባይሆን ይሻል ነበር። በሐዘናችሁ ከልብ እናዝናለን ይላል። ጨዋታዎቹ ለጣሪቅ የተሸጡለት ሳይሆኑ በሕይወት እያለ እሱ ብቻ እንዲጠቀምባቸው የተፈቀዱለት ናቸው፤ ፈቃዱ ለወንድም አይተላለፍም፣ ለእጮኛም አይወረስም ይላል። የደንበኛችንን ሞት ስላሳወቃችሁን እናመሰግናለን፤ በደንባችን መሠረት አካውንቱን ዘግተን በውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍተናል ይላል።

ማሂራ አነበበች፣ ደግማ አነበበች። ከዚያ ስልኩን ጥላ ወደ ሱቁ ሮጠች። ማሽኑ በርቷል። የጨዋታዎቹ ዝርዝር ይደረደርበት የነበረው ቦታ ባዶ ነው፤ አዲስ ሰው መስላው ስምሽን አስገቢ አላት። የጣሪቅን ስም አስገባች። እንዲህ የሚባል ሰው የለም አላት። ስሙን ደግማ፣ ፊደል በፊደል እየለየች አስገባች። እንዲህ የሚባል ሰው የለም። ማሽን ነው፣ ምን እንዳለ አያውቅም፤ እሷ ግን ሹፌሩ ያን ቀን በሩ ላይ ያወራውን ዛሬ ገና የሰማች መሰላት።

ኢስሃቅ ከኋላዋ ገብቶ ቆመ። ጨዋታ የሌለው ጌም ቤት ምን እንደሚሆን ያውቃል።

«ያን ቀን ዝም ብንል ኖሮ» አለ ቀስ ብሎ።

«እንዳትለው» አለችው ማሂራ። «እሳቸው ጋ ይሄን ቃል እንዳትለው።»

ወዲያው ከጀርባው ቤት የዙቤይዳ ድምፅ መጣ። መጣች እንዴ፣ ምን አሉ እያሉ ነው። ማሂራ ፊቷን በሻሿ ጠረገችና ገባች። ዙቤይዳ ዛሬ ፍራሹ ላይ አልተቀመጡም፤ ቆመዋል። እጃቸው ላይ ተጣጥፎ የተቀመጠ አረንጓዴ ሐር ሻሽ አለ። ለጣሪቅ ሙሽራ ብለው ከዓመታት በፊት የገዙት ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ስትገባ እንድትለብሰው ከሣጥን አውጥተው ሲጠብቋት ነበር።

«ምን አሉ፣ ኢንተላ ኮ?»

እውነቱን ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። አይታችኋል፣ የጥርሷን ነገር ካልቆጠርን ውሸታም ልጅ አይደለችም። ግን እውነቱ አንድ ብቻ አልነበረም። ቤቱ ጠፋ ማለት እርስዎ አስጠፉት ማለት ነው። ልጅዎን ሁለተኛ የቀበሩት በገዛ ቃልዎ ነው ማለት ነው። ልጃቸውን በቀበሩ በሳምንታት ውስጥ ይህን እኚህ ሴትዮ እንዴት ይሸከሙት?

«አላህ ያጽናችሁ አሉ» አለች።

«አውፍ አሉት?»

«አሉት።»

«አልሐምዱሊላህ። ግቢ አሉሽ?»

«አሉኝ እማማ።»

ዙቤይዳ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ ለማያውቋቸው ሰዎች ዱዓ እያደረጉ ነበር። ሲጨርሱ ሻሹን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት። ኢስሃቅ በሩ ጋ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

«ቅድም ሱቁ ውስጥ ቆይተሻል» አሉ። «ገብተሽ አየሽው?»

«አየሁት።»

«ንገሪኛ። ምን ሠራላት ልጄ ለሚስቱ?»

ማሂራ መናገር ጀመረች። ምን እንደምትል ሳታውቅ ጀመረች። በትልቁ መስኮት ፀሐይ እንደሚገባ ነገረቻቸው። ወለሉ ላይ ቀይ ምንጣፍ አለ፣ ግድግዳው ላይ መደርደሪያ አለ አለች። መስገጃስ አላቸው፤ አለ አለቻቸው። አልጋው በየት በኩል ነው አሉ፤ በግራ አለች። አንዱን ስትነግራቸው ሌላውን ይጠይቃሉ፣ ፊታቸው ከሞቱ ወዲህ እንደዚያ በርቶ አያውቅም። እሷ ግን በልቧ እየለመነችው ነበር። ጣሪቅ፣ ምን ነበር የሠራኸው? መስኮቱ ነበረው? የቀይ ምንጣፍ ሐሳብ መጥቶልህ ያውቃል? የምትናገረው እያንዳንዱ ነገር እሱ የሠራውን እየሸፈነባት፣ የሷ ውሸት በሱ ቦታ እየተቀመጠ ሲሄድ ታወቃት፤ ማቆም ግን አልቻለችም።

«እኔስ?» አሉ ዙቤይዳ፣ እንደማፈር ብለው። «ለኔ መቀመጫ አስቦልኛል?»

ማሂራ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች።

«አስቦልዎታል» አለች። «በሩ አጠገብ። ገባ ሲሉ የሚያገኙት ነው።»

ዙቤይዳ አቀፏት። ለረጅም ጊዜ አልለቀቋትም። ማሂራ በሳቸው ትከሻ ላይ ኢስሃቅን አየችው፤ እሱም አያት፤ ሁለቱም ዓይናቸውን ሰበሩ።

«ዛሬ ልቤ አይችልም» አሉ ዙቤይዳ፣ እንባቸውን እየጠረጉ። «ነገ ግን እንደምንም ብለሽ ከሰርቦ ነይ። እኔንም አስገቢኝ። ተፈቅዶልናል፣ ምን ያስፈራናል? መቀመጫዬ ላይ ትንሽ ቁጭ ብዬ እወጣለሁ።»

ማሂራ ትከሻዋ ላይ ያለውን ሻሽ አስተካከለች።

«እሺ እማማ» አለቻቸው።